የሸዋዓለም ቅኝት

ሸዋዓለም የቤዝ ጊታሩን ቂጥ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራ አየችው። መሐሉ ላይ ጎብጧል።

"ሰው ልትገድዪ ነው ወይስ ልትገዢ?" አለ ጃፋር።

"ጎብጧል።"

"እኔም ጎብጫለሁ። ዕድሜ ነው፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ።"

"አንተን የሚገዛህ የለም። ይሄን ግን ልገዛው ነው የመጣሁት።"

ጃፋር ሳቀ። ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ዑድና ጊታር ሲጠግን ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። ፊት ለፊቱ የሚኒባስ ረዳቶች ስለሚጮኹ ከደንበኛ ጋር የሚነጋገረውም እየጮኸ ነው። እንዲህ ያለች ደንበኛ ግን ገጥማው አታውቅም። ሃምሳን ያለፈች፣ ጣቶቿ በመዳብ ሽቦ የተቆራረጡ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጎናጸፉትን ጦብ ወገቧ ላይ ያሰረች ሐበሻ፣ ቤዝ ልግዛ ብላ የመጣች።

ቤዙ ጥቁር ቀይ ነው። ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ ወጥቷል። ክሩ ሦስት ብቻ ነው። ከድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ አንዱ ወልቆ በጠርሙስ ክዳን ተተክቷል። ጃፋር እንደሚለው በፕሬዚዳንት ኒሜሪ ጊዜ ለአንድ የወጣቶች ባንድ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ነው። በኋላ ጭፈራ የሚያስገርፍበት ዘመን ሲመጣ ባለቤቱ አልጋ ሥር ከተተውና እዚያው ሃያ ዓመት ተኛ። አሁን ያ መንግሥት ወድቋል፤ የሴቶችን አለባበስና ጭፈራ ይቀጣ የነበረው ሕግ ከተሻረም ሁለት ወሩ ነው። ካርቱም ውስጥ አልጋ ሥር የከረመ መሣሪያ ሁሉ አቧራው እየተራገፈ መውጣት ጀምሯል።

"ድምፅ አለው?"

"ድሮ ነበረው።"

"አሁንስ?"

"አሁን ተቆጥቶ ዝም ብሏል። አጥንቱ ግን ደህና ነው። ዋላሂ፣ እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ አይገኝም። ስድስት ሺህ።"

"ለድዳ ስድስት ሺህ? ሦስት።"

ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሄደች፣ ሁለት ጊዜ መልሶ ጠራት። መጨረሻ ላይ የጎደለውን ክር ጨምሮ በአራት ሺህ ጊኔ ሰጣት።

"ለልጅሽ ነው?" አለ በጆንያ እየጠቀለለው።

"ለራሴ ነው።"

"ትጫወቻለሽ?"

"አንተ እዚህ ደረጃ ሥር ሳትገባ በፊት እጫወት ነበር" አለችና ጆንያውን ተሸክማ ወደ ሚኒባሶቹ ሄደች።

አልዋሸችም። በአሥራ አምስት ዓመቷ ጎንደር ላይ ከአምስተኛ ክፍል አውጥተው የክፍለ ጦሩ ኪነት ውስጥ አስገብተዋት ነበር። ድምፅ ስለሌላት ዘፋኝ አልሆነችም፤ ቁመት ስለሌላት ተወዛዋዥ አልሆነችም፤ ማንም ያልፈለገውን ትልቁን ጊታር አሸከሟት። ሰባት ዓመት ከካምፕ ካምፕ እየዞረች ተጫወተች። ጦሩ ሲበተን በመተማ በኩል ሱዳን ገባች፣ ቤዙ መንገድ ላይ ቀረ። ካርቱም ሰው ቤት ተቀጥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሳህን አጠበች፣ የሰው ልጅ አዘለች። በእነዚያ ዓመታት በስሟ የጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም "ያ ሐበሺያ"፣ አንቺ ሐበሻ፣ ነበር የሚላት። ከዚያ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ሙሄዲን የሚባል ሰው ወርክሾፕ ገባችና የተቃጠለ የማራገቢያና የውኃ ፓምፕ ሞተር አዲስ ሽቦ መጠቅለል ተማረች። ሁለተኛ ሰው ቤት አልገባም ብላ የማለችው ያኔ ነው። መሐላዋን ሃያ ዓመት ጠብቃለች።

አሁን ሙሄዲን ወርክሾፑን ሊዘጋ ነው። የቻይና ማራገቢያ ሲቃጠል ይጣላል እንጂ የሚያስጠቅልለው የለም። "በወሩ መጨረሻ ኻላስ፣ በቃ ነው፣ ሸዋ" ብሏታል። ልጇ ሔለን ደግሞ ሪያድ ሰፈር፣ አንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት ውስጥ ሥራ አግኝታላታለች። ምግብ ማብሰል፣ ቤት ማጽዳት። የሐኪሙ ሚስት በሚመጣው ቅዳሜ መልስ ትፈልጋለች።

በመሐሉ ሉጥፊያ መጣች። ሉጥፊያ የሴቶች ሠርግ ላይ የምትዘፍን፣ ድምፀ ትልቅ ሱዳናዊት ናት። ባለፈው ሳምንት የተቃጠለ ፓምፕ ይዛ ወርክሾፑ ደጃፍ ተቀምጣ ስትጠብቅ ችግሯን ለሙሄዲን ታወራለች። ኦርጋን የምትጫወት የእህት ልጅ አላት፣ ከበሮ የሚመቱ ሴቶች አሏት፤ ዘፈኑ ግን ከሥሩ ባዶ ነው፣ ቤዝ የለውም። ሙሽራዋ በምትጨፍርበት ሐፍላ፣ በሴቶቹ ድግስ ላይ ደግሞ ወንድ አይገባም። ፎቶ እንዳይነሣ ስልክ እንኳ በር ላይ ይሰበሰባል። ካርቱም በቤዝ ተጫዋች ወንድ ብትሞላ ለሉጥፊያ ምንም አትረባም።

"ቤዝ የምትጫወት ሴት ባገኝ ሐሙስ ሐሙስ ሥራ አላት" አለች ሉጥፊያ።

ሸዋዓለም ከሞተሩ ላይ ቀና ሳትል "እኔ እጫወታለሁ" አለች።

እሑድ ጠዋት ቤዙን ወርክሾፕ ይዛው ሄደችና ከክሮቹ ሥር ያለውን ማግኔት ፈታችው። ማግኔቱ ላይ የተጠቀለለው ሽቦ ዝጎ ተበጣጥሷል። ሽቦው ከጠጉር ይቀጥናል፤ ሙሄዲን መደርደሪያ ላይ ያለው ሁሉ ለፓምፕ የሚሆን ወፍራም ነው። ግማሽ ቀን ጓዳውን በረበረች። በመጨረሻ ማንም የማይፈልገው የድሮ የቤት ስልክ አገኘች፤ ከደወሉ ውስጥ ያለው ሽቦ ልክ የምትፈልገው ሆነ። ፈታችና በእጅ በሚዞረው ማሽን እንደገና መጠቅለል ጀመረች። ትንሽ ከጠበቀ ይበጠሳል፣ ከላላ ይዘበራረቃል። በሁለት ጣቶቿ መሐል እያሳለፈች፣ ትንፋሿን ይዛ አዞረችው። ሦስት ጊዜ ተበጠሰባት፣ ሦስት ጊዜ ሀ ብላ ጀመረች።

ሙሄዲን ሻዩን ይዞ አጠገቧ ቆመ። "ሃያ ዓመት ለእኔ ስትጠቀልዪ እንዲህ ተጠንቅቀሽ አታውቂም።"

"ፓምፕ አይዘፍንም።"

"እኔ የምለው፣ ለደሞዝሽ እንዲህ ብትለፊ ኖሮ ወርክሾፑ ባልተዘጋ።"

"አንተ ለደሞዜ ብትለፋ ኖሮ እኔም ቤዝ ባልገዛሁ" አለችው። ሁለቱም ሳቁ። ሙሄዲን ግን ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

አል-ሳሃፋ ሰፈር ቤቷ ስትገባ ሦስቱን አሮጌ ክሮች ድስት ውስጥ ከሳሙና ጋር ጥዳ ቀቀለቻቸው። ድሮ ካምፕ ውስጥ ክር ሲጠፋ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ የላብና የአቧራ እድፉ ሲለቅ ድምፁ ይመለሳል። ሔለን ከምትሠራበት የስልክ መሸጫ መጥታ ድስቱን ከፈተች።

"ማማ፣ ጀኒቲ? አበድሽ? ሽቦ ሾርባ ነው?"

"አትንኪው፣ አልበሰለም።"

"የሰው እናት ቤት ትሠራለች፣ የኔ እናት ሽቦ ትቀቅላለች።" ሔለን እዚያው ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። አማርኛዋ ስትቆጣ ይጠፋባታል። "ዶክቶሩ ሚስት ደወለች። ቅዳሜ መልስ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ታመጣለች።"

"ሰምቻለሁ።"

"እሺ ትያለሽ?"

ሸዋዓለም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ድስቱን አማሰለች።

ሰኞ ጃፋር ጋ ሄደች። ከቤዙ ጫፍ፣ ከትንሽ ክዳን ሥር፣ አንገቱን የሚያቀና ብሎን አለ። ጃፋር የሚሆነው ቁልፍ አልነበረውም፤ እሷ የቁጥር ሰባት ቁልፍ በሞረድ አሳንሳ አምጥታለች። ጥቂት አዞረች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ጥቂት አዞረች። ጃፋር "ቀስ! ይሰነጠቃል!" እያለ ላብ አጠመቀው። ሲቀና የተቀቀሉትን ሦስት ክሮች ከአራተኛው ጋር አሰረላት፣ ራሱ ቃኘላትና ሽቦውን ከማጉያው ጋር አገናኘው። ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ ነካው።

የደረጃው ብረት ነዘረ። ማጉያው ላይ የተቀመጠው የሻይ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ።

"አልሐምዱሊላህ! ሃያ ዓመት ተኝቶ ይሄን ያህል!" አለ ጃፋር። "እንቺ፣ አሰሚኝ።"

ሸዋዓለም ቤዙን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጣቶቿ ሠላሳ ዓመት ያልሄዱበትን መንገድ ሳታዛቸው ያዙ። የወጣው ድምፅ ግን ሌላ ነበር። ደገመችው። አንዱ ድምፅ ከአንዱ ጋር እንደተጣሉ ጎረቤቶች ዘወር ዘወር ይላል። ላብ ጀርባዋ ላይ ወረደ።

"ቅኝቱ ልክ አይደለም" አለች።

"በጆሮዬ ነው የቃኘሁት።"

"ጆሮህ አርጅቷል።"

"ያ ሲት፣ ዓለሙ ሁሉ ቤዝ የሚቃኘው እንዲህ ነው!"

"ዓለሙ ሁሉ ተሳስቷል!" ብላ ቤዟን ጠቅልላ ወጣች። ሚኒባስ ውስጥ ግን ጆንያውን አቅፋ ጣቶቿን እያየች ተቀመጠች። እጄ ሞቶ ይሆን? እያለች አል-ሳሃፋ ደረሰች።

ማክሰኞ ጠዋት ሔለን ሳትነሣ ሸዋዓለም ቤዙን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እያላላች፣ ሃምሳ አለቃ ቢልልኝ እንዳስተማራት እያንጎራጎረች ክሮቹን ቃኘቻቸው። ቢልልኝ የኪነቱ አለቃ ነበር፤ ቤዝ ያስያዛትም፣ ያስተማራትም እሱ ነው። አራተኛው ክር ቦታው ሲገባ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ጣቶቿ አልሞቱም። ሁሉም እዚያው ነበር፤ የካምፑ ሜዳ፣ የወታደሩ ጭብጨባ፣ እግሯ ሥር ይነዝር የነበረው የመድረክ ጣውላ። ያለ ማጉያ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ደረቷ ላይ ግን ይሰማታል።

ሔለን ብርድ ልብስ ተከናንባ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። 

"ማማ፣ ይሄ አንቺ ነሽ?"

"ማን መሰለሽ?"

"አላውቅም። ሌላ ሰው።" ቀለሙ የተፋቀበትን እንጨት በጣቷ ነካች። "ሉጥፊያ እምቢ ካለችስ?"

"አትልም።"

"ካለችስ?"

"ካለች ቅዳሜ አለ" አለች ሸዋዓለም፤ ይህን ለልጇ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ሔለን ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ባሕሪ፣ ሉጥፊያ ግቢ ውስጥ ልምምድ ሆነ። አራት ሴቶች ከበሮ ይዘው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሉጥፊያ የእህት ልጅ፣ መነጽር ያደረገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኦርጋኑ ኋላ ቆማለች። ሉጥፊያ በቀይ ዓይኗ ቤዙን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ይሄ ከእኔ ይበልጣል በዕድሜ።"

"እንዳንቺው ድምፁ አላረጀም" አለች ሸዋዓለም፣ ሴቶቹም ሳቁ።

የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ። ሸዋዓለም ሁለት ዙር አዳመጠችና ገባች። ከበሮዎቹ መሬት ያገኙ መሰሉ። ሉጥፊያ እየዘፈነች ዓይኗ ፈጠጠ፣ ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። አንዷ ከበሮ መቺ ሳታስበው እልል አለች። ሸዋዓለም ፊቷን አላንቀሳቀሰችም፤ ውስጧ ግን ዘለለ።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ልጅቱ የኦርጋኑን ቅኝት ከፍ አደረገችው። ሸዋዓለም ስትገባ ግቢው ሁሉ እንደ ጥርስ ሕመም ሆነ። ሉጥፊያ እጇን አነሣች። እንደገና ጀመሩ። ባሰ።

"አንድ ጊዜ" አለች ልጅቱ። መጥታ የቤዙን ክሮች አንድ በአንድ ነካች፤ ኦርጋኑ ላይ እየሄደች አስተያየቻቸው። ከዚያ ወደ ሸዋዓለም ዞራ ፈገግ አለች። "ኻልቲ፣ ይሄ የቤዝ ቅኝት አይደለም። ጠንቡር ነው!"

ጠንቡር የሱዳኖቹ ክራር ነው። ከበሮ መቺዎቹ ተሳሳቁ። "ሐበሺያዋ ጠንቡር በመብራት አመጣች!" አለች አንዷ።

ሸዋዓለም አልሳቀችም። ድሮ ኪነቱ ውስጥ የተጫወተችበት ቤዝ በሳጥን ከጀርመን የመጣበት ቀን ትዝ አላት። ሃምሳ አለቃ ቢልልኝ የክራር ሰው ነበር፤ ቤዝ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሳጥኑን ከፈተ፣ ወረቀቱን የሚያነብለት አጣ፣ አራቱን ክር ቆጠረና "ክራር ነው፤ ጀርመኖቹ ሁለቱን ክር ረስተውታል" አለ። በክራር ቅኝት ቃኘላት። "ጣትሽን ብዙ አትጫኚው፣ ክሩ ራሱ ያውቀዋል" እያለ አስተማራት። ኪነቱ የሚጫወተው በአንድ ቅኝት ስለነበር ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም አልጎደለም። ሠላሳ አምስት ዓመት ያንን የቤዝ ቅኝት ነው ብላ ኖራለች። ጃፋር ልክ ነበር። ዓለሙም ልክ ነበር።

"በየዘፈኑ ልለውጠው እችላለሁ" አለች።

ሞከሩት። አራቱን ክር ለውጣ እስክትቃኝ አንዷ ከበሮ መቺ ተነሥታ ውኃ ጠጥታ ተመለሰች።

"ሙሽራ መሐል ሜዳ አቁሜ ይሄን ሁሉ አልጠብቅም" አለች ሉጥፊያ። ክፉ አልነበረችም፤ ሥራዋን ነበር የምታስበው። ከልጅቱ ጋር ተነጋግረው ቆጠሩ። ከአሥሩ ዘፈን ከሸዋዓለም ቅኝት ጋር የሚሄደው ሦስት ነው። "ሦስቱን በመጀመሪያ እናድርጋቸው። እነሱን ትጫወቻለሽ። የቀረውን ጊዜ ደግሞ ከቤቱ ሴቶች ጋር ሻይና ጣፋጭ ታዞሪያለሽ። እነሱም አንድ ሰው ጨምሪልን ብለውኛል፣ ሐበሻ ደግሞ ሻይ ታውቃለች። ተማም፣ እሺ?"

ሸዋዓለም ቤዙን በጆንያው ጠቀለለች። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ሉጥፊያ ዝምታዋን እሺ ብላ ወሰደችው።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ በጃፋር ቅኝት ሞከረች። ጣቶቿ ወደ ለመዱት ቦታ ይሮጣሉ፣ ትመልሳቸዋለች፣ ይሮጣሉ። የጣቷ ጫፍ ተላጠ። አመሻሹ ላይ ክሮቹን ወደራሷ ቅኝት መልሳ ቤዙን ግድግዳ ላይ አስደገፈች። ሔለን ጨርቅ ቀድዳ ጣቷን ጠቀለለችላት።

ሐሙስ ሰልፍ ነበር። ሚኒባሱ ባሕሪ ድልድይ ሳይደርስ አወረዳቸው። ወጣቶች መንገዱን በድንጋይና በጎማ ዘግተው ቆመዋል፤ የጎማው ጭስ ዓይን ያቃጥላል። ሸዋዓለም ጆንያዋን ተሸክማ በድንጋዮቹ መሐል አለፈች።

"ያ ኻላ፣ ምንድነው የያዝሽው?" አላት አንዱ።

"ቤዝ ነው። ሠርግ እየሄድኩ ነው።"

"ዛሬ ማን ያገባል?"

"ሁሉ ሰው እንዳንተ ሥራ ፈትቶ ሰልፍ አይወጣም" አለችው። ጓደኞቹ አሾፉበት፣ እሱም ከት ብሎ ሳቀና አንዱን ጎማ ገፍቶ አሳለፋት።

ድልድዩ አፍ ላይ ያሉት ወታደሮች ግን አልሳቁም። ጆንያውን አስፈቱ። አንዱ ክሩን ነካ፣ የቤዙን ቂጥ አንኳኳ፣ ከዚያ ወረቀቷን ጠየቀ። የስደተኛ ወረቀቷ ቀኑ ካለፈ ሦስት ወሩ ነው። "እዚያ ተቀመጪ" አላት። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ታያለች፤ ሐፍላው በዘጠኝ ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ተነሥታ "ልጄ፣ ሙሽራ ትጠብቀኛለች" ብትለው "ተቀመጪ አልኩ" ብሎ ጮኸባት። በመጨረሻ የእሷ እኩያ የሆነ አለቃ መጣ፣ ቤዙን አየ፣ እሷን አየ፣ ወረቀቱን ሳያነብ መለሰላት። "ሂጂ። ሁለተኛ በዚህ ወረቀት እንዳትመጪ።" ድልድዩን በእግሯ ተሻገረች። ከሥሯ ጥቁር ዓባይ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ማሰሪያው ትከሻዋን ይቆርጣታል፤ እሷ አልቆመችም።

ስትደርስ ከበሮዎቹ እየሞቁ ነበር። በር ላይ አንዲት ሴት ስልኮችን በከረጢት ትሰበስባለች። ውስጥ ስልሳ ሰባ ሴት አለ። ሽቱው ይከብዳል። ሉጥፊያ ስታያት ትንፋሿን ለቀቀች። "ያላ፣ ያላ! ነፍሴን ነው የበላሽው!"

ሙሽራዋ ቀይ ለብሳ፣ ወርቋ ግንባሯ ላይ እየተንሿሿ መሐል ገባች። ሸዋዓለም የተጠቀለለውን ጨርቅ ከጣቷ ፈትታ ጣለችና ጀመረች። ማጉያው ትልቅ ነበር፤ ድምፁ በወለሉ ሄዶ በሴቶቹ እግር ወጣ። ሙሽራዋ ለአፍታ ቆም አለች፣ ከየት እንደመጣ ፈለገች፣ ከዚያ ወገቧን ሰጠችው። አሮጊቶች ሳይቀሩ ተነሡ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ የሙሽራዋ እናት ሉጥፊያ ግንባር ላይ ብር ለጠፈች፤ ዞራ ሸዋዓለም ግንባር ላይም ለጠፈች። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ እልልታው ጣሪያውን አናወጠው።

ልጅቱ ኦርጋኑን ከፍ አደረገችው። ከሸዋዓለም ቅኝት ጋር የማይሄደው አራተኛው ዘፈን ተጀመረ።

ሸዋዓለም እጇን ከክሮቹ ላይ አነሣች። ያኔ ከጓዳ አንዲት ወፍራም ሴት፣ የሙሽራዋ አክስት፣ ሃያ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ መጣች። ሥራ የበዛበት ሰው እንደሚያደርገው፣ ፊቷን ሳታይ ትሪውን ዘረጋችላት።

"ያ ሐበሺያ፣ ሻዩን አዳርሺ።"

ትሪው ፊቷ ላይ ቆመ። እንፋሎቱ አገጯን ነካት። ሉጥፊያ መዝፈኗን ሳታቋርጥ በዓይኗ "ተነሺ" አለቻት። ከተነሣች የሚመጣው ሐሙስም ይኖራል፤ ሉጥፊያ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ካልተነሣች ምን እንደሚሆን አታውቅም። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው።

"እጄ ተይዟል" አለች ሸዋዓለም።

"ምን?"

"እጄ ተይዟል፣ ያ ኡኽቲ። ለሌላ ሰው ስጪው። ስሜ ደግሞ ሸዋዓለም ነው።"

ሴትዮዋ አፏን ከፍታ አየቻት። ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። ከአጠገብ የተቀመጠች አንዲት እንግዳ እጇን ዘርግታ ትሪውን ተቀበለችና ወደ ኋላ አሳለፈችው። ሉጥፊያ ፊቷን አጨፍግጋ ወደ ሙሽራዋ ዞረች።

ሸዋዓለም ቀና አላለችም። የማጉያውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችው፤ ከእሷ ደረት ውጪ የሚሰማው እንዳይኖር። ጆሮዋን ዘፈኑ ላይ አድርጋ፣ የተላጠ ጣቷን ቢልልኝ ብዙ አትጫኚው ያላት ክር ላይ አስቀመጠችና ተጫነች። አልገጠመም። ወደ ላይ ወጣች። አልገጠመም። በአንገቱ ላይ አንድ መስመር ጨመረች። ገጠመ።

የሚቀጥለውን መፈለግ ጀመረች።